ለቤት ሥሪቱ ሳብዉፈር የቱ አምፕ?

ጠያቂው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ነው። መርካቶ ያገለገለ ባለ 12 ኢንች የመኪና ዉፈር፣ ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር፣ አግኝቶ ገዛ። ሳጥኑን በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ራሱ ለክቶ አስቆረጠ። ኮላ ቀባ፣ በብሎን አሰረ፣ የአየር ቱቦ ከተተበት። ፎቶውን አይቼዋለሁ። አንዱ ጥግ ላይ ኮላው ፈሶ ከመድረቁ በቀር እንከን አይወጣለትም። የቀረው ድምፁን አጉልቶ ዉፈሩን የሚነዳው አምፕ ብቻ ነው። የሚፈልገው ደግሞ 1000 ዋት ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ማየትም አይፈልግም።

አራት ምርጫ ይዞ ነው የመጣው። አንዱ 3000 ዋት የተጻፈበት የመኪና አምፕ ነው። ሌላው ከመዳፍ የማይበልጥ የቻይና አምፕ ቦርድ። ሦስተኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ባለሙያ የገጣጠመው፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ። አራተኛው አንድ ዲጄ ሊሸጠው ያወጣው ያገለገለ ክራውን ኤክስኤልኤስ 1502። የቱን ልውሰድ ነው ጥያቄው።

ከጥያቄው ሥር የተጻፈው የመልስ ክር ረዘመ። ዘግይታችሁ የመጣችሁ ሁሉንም ከማንበብ ትድኑ ዘንድ በየቁጥሩ ላስኪዳችሁ። ስድቡን እዘላለሁ። አስተያየቴን ግን ጣል ሳላደርግ አላልፍም።

1ኛው መልስ ሰላምታና ምርቃት ነበር። እጁን ባረከለትና 3000 የተጻፈበትን ገዝቶ እንዲገላገል መከረው። 3000 ካለ 1000 መቼ ያቅተዋል የሚል ስሌት ነው። 2ኛውም በዚያው ተስማማ።

ነገሩን መስመር ያስያዘው 3ኛው ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ዉፈሩ ስንት ኦም (የሬዚስታንስ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ነው? ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) አንድ ነው ሁለት? ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ የሚችለው ዋትስ ስንት ነው? ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለገዢ ዓይን መሆኑን፣ መታየት ያለበት ከጎኑ በትንሹ አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው፣ ለረጅም ጊዜ የሚችለው መሆኑንም አስረዳ። እኔ ብሆን ይህን ሳላውቅ አምስት ሳንቲም አላወጣም።

በ4ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ ነው የመጣው። ሁለት ኮይል፣ እያንዳንዱ 4 ኦም፣ አርኤምኤስ 400 ዋት፣ ከፍተኛው 1200። ልብ በሉ፣ ጥያቄው እዚህ ላይ ተቀየረ። 400 ዋት የሚችል ዉፈር በ1000 ዋት ምን ይሠራበታል? ይህን ደፍሮ የሚናገር ሰው እስኪመጣ ግን ገና ብዙ መልስ ይቀር ነበር።

5ኛው ቸኮለ። ሁለቱም ኮይሎች 4 ከሆኑ ያው 4 ኦም ነው ብሎ ደመደመና 4 ኦም የሚነዳ ማንኛውም አምፕ እንደሚሆን ጻፈ። 6ኛው አልማረውም። ሁለቱ ኮይሎች ጎን ለጎን ከታሰሩ 2 ኦም፣ ተከታትለው ከታሰሩ 8 ኦም ይሰጣሉ፤ ሁለቱም አብረው ከሠሩ 4 የሚባል ከየትም አይመጣም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን የማያውቅ ሰው ዝም ቢል የስንቱ አምፕ ከመቃጠል በዳነ ነበር ብሎ ጨመረበት። 5ኛው ተቀየመ። እሱም እንደ አቅሙ ሊረዳ እንጂ ሊፈተን አልመጣም።

ያበረዷቸው 7ኛው ናቸው። ዕድሜያቸውን ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኛ ዘንድ አንቱ የማይላቸው የለም። የ6ኛው ሒሳብ ትክክል መሆኑን፣ አነጋገሩ ግን ደግ አለመሆኑን ተናግረው ወደ ሥራው ገቡ። የአንደኛው ኮይል ፕላስ ከሁለተኛው ማይነስ ጋር ይገናኛል። የተረፉት ሁለት ጫፎች ወደ አምፕ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ግን በቴስተር ይለካ። ቴስተሩ 8 ሳይሆን 7 አካባቢ ቢያሳይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የሚለካው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ምንም ካላሳየ ግን አንዱ ኮይል ተበጥሷል ማለት ነውና የአምፕ ፍለጋው እዚያው ይቁም። ያገለገለ ዉፈር ሲገዛ ይህ ከሱቁ ሳይወጡ የሚሠራ ሥራ ነው።

8ኛው መልስ በጣም ከወደድኳቸው አንዱ ነው። 3000 የተጻፈበትን አምፕ ጀርባውን ገልብጦ ፊውዙን እንዲያይ ነገረው። ልጁም ሄዶ አየ፤ ሁለት ባለ 25 አምፔር ፊውዝ። አንድ ላይ 50 አምፔር መሆኑ ነው። በ12 ቮልት ሲባዛ 600 ዋት። ይህ እንግዲህ አምፑ የሚበላው ነው። የአምፑ አሠራር ክላስ ኤቢ የሚባለው ከሆነ ከሚበላው ብዙው በሙቀት ያልቃል፤ ለድምፅ 60 ከመቶ ደረሰ ቢባል እንኳ ወደ 360 ዋት ነው። 9ኛው እርማት አመጣ። ሞተሩ በሚሠራ መኪና ላይ ቮልቱ 12 ሳይሆን 14.4 ይደርሳል፤ ፊውዝም ልኩ ላይ እንደደረሰ ወዲያው ቀጥ አይልም። እርማቱ ትክክል ነው። 8ኛው ተቀበለና በ14.4ም ቢሰላ 720 ዋት መሆኑን አሳየ። 720 በልቶ 3000 የሚያወጣ ዕቃ ቢኖርማ ግድብ መሥራት ባላስፈለገ ነበር ብሎ ሙድ ያዘ።

ከዚያ ወሬው ወደ 12 ቮልት ዞረ። የመኪና አምፕ ቤት ውስጥ በምን ይሠራል? 10ኛው የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጠቆመ፤ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ማገናኘት፣ በቃ ይነሳል። 11ኛው ሞክሮታል። መነሳቱስ ይነሳል። ነገር ግን የሱ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት፣ 18 አምፔር ነበር፤ ሲባዛ 216 ዋት። ከበሮው መታ ሲል ቀጥ፤ ነቅሎ ሲሰካው እንደገና ዘፈን፤ እንደገና ቀጥ። 12ኛው የመኪና ባትሪ ከቻርጀር ጋር አልጋ ሥር አስቀምጦ እንደሚጠቀም በኩራት ጻፈ። 13ኛው በቁጣ መጣበት። እርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። 12ኛው እስካሁን ምንም አልሆንኩም ባይ ነው። 14ንና 15ን ዝለሏቸው።

16ኛው ስለ ትንሿ ቦርድ የተናገረው ንጹሕ ሒሳብ ነው። ቦርዷ ላይ ያለው ቺፕ ቲፒኤ 3116 ነው። ጥሩ ቺፕ ነው፤ ክላስ ዲ የሚባለው አሠራር በመሆኑ ብዙም አይሞቅም። ሁለቱ ቻናሎች (የድምፅ መውጫዎቹ) ተጣምረው 2 ኦም ላይ፣ በ21 ቮልት፣ 100 ዋት ይሰጣል። ዉፈሩ በ8 ኦም ከታሰረ ግን በ24 ቮልት እንኳ ከ36 ዋት አያልፍም። ስለዚህ ቦርዷን የሚወስድ ሰው ኮይሎቹን ጎን ለጎን ማሰር አለበት።

17ኛው በጥያቄ መልክ የመጣ ሲሆን የክሩ እምብርት እሱ ነው እላለሁ። 100 ዋት ለአንድ ክፍል ምን አነሰው? ሰውየው ቁጥሩን ደረደረው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ከ100 ወደ 400 ሲኬድ 6 ዲሲቤል ይገኛል፤ ይህ በደንብ ይሰማል። ከ400 ወደ 1000 ሲኬድ 4 ዲሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ እጥፍ ጮኸ እንዲል ወደ 10 ዲሲቤል ይፈልጋል፤ እሱም አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮይል ሲሞቅ የመዳቡ ሬዚስታንስ ይጨምራል። በ100 ዲግሪ ከሞቀ 39 ከመቶ ገደማ ይጨምርና የተጨመረው ዋት ራሱ ወደ ድምፅ መሄዱን ትቶ ያሞቀዋል። ባጭሩ 400 ዋት ለሚችል ዉፈር 1000 ዋት መግዛት 4 ዲሲቤልና የተቃጠለ ኮይል መሸመት ነው። እዚህ ላይ ልጁ ትንሽ ጠፋ። የገባው ይመስለኛል።

18ኛው መልስ እንደገና የአንጋፋው ቴክኒሻን ነው። ስለ ሦስተኛው ምርጫ፣ እዚሁ ከተማ ስለተገጣጠመው አምፕ ተጠይቀው ነው። ሥራውን አልናቁም፤ እሳቸውም በዘመናቸው ብዙ ገጣጥመዋል። ጣጣው ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ነው። ሁሉም ሲ 5200 እና ኤ 1943 ተብሎ ይሸጣል፤ ላዩ ላይ ቶሺባ ተጽፎበታል። ብዙው ግን አስመስሎ የተሠራ ነው። አንዱን በፒንሳ ሰብረው ፎቶውን ለጥፈዋል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ሲነሳ መሐል ላይ የተቀመጠችው ሲሊከን የምስር ፍሬ ታክላለች። ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገውታል፤ የዋናው ብዙ እጥፍ ይሰፋል። የምስሯ ዓይነት ጠንከር ያለ ቤዝ ሲመጣባት ሾርት ታደርጋለች። ያኔ የቦርዱ ዲሲ እንዳለ ዉፈሩ ውስጥ ይገባና ቤቱ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይሸታል። ስለዚህ ፕሮቴክሽን ሪሌ፣ ይህ ሲሆን ዉፈሩን ከአምፑ የሚቆርጠው ዕቃ፣ የሌለውን አምፕ በነጻም አይውሰድ።

መብራቱንም አነሱ። ተራ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ ኃይሉ ከመስመሩ ጋር ይወርዳል። ማታ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ 220 የነበረው 180 ቢገባ ሲሶው ዋት ይጠፋል። መጀመሪያ ሲነሳ ደግሞ ባለ 100 ዋቱን የድሮ ቢጫ አምፖል በተከታታይ አስገብተው ነው የሚያስነሱት። አምፖሉ በርቶ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለና ቶሎ ይነቀል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። 19ኛው ቢጫ አምፖል ዛሬ ከየት ይገኛል አለ። 20ኛው ፒያሳ ሁሌ የሚገዛበት ሱቅ እንደነበረ፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ባለሱቁ የት እንደገባ እንደጠፋበት ጻፈ። ሰዉ ተከታትሎ የየራሱን የፒያሳ ሱቅ ማንሳት ጀመረ፤ ካሴት ቤቱ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ኬክ ቤቱ። 21ኛው ወደ አምፑ እንመለስ ብሎ ለመነ።

የመለሰው 22ኛው ነው፤ ያጎቱ ልጅ ከአሜሪካ ስላመጣለት አምፕ እያወራ። ዕቃው አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ፕላጉን በአዳፕተር ቀይሮ ሰካው። አዳፕተር የፕላጉን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። የ120 ቮልት ዕቃ 220 ገባበትና ዷ አለ። ከጀርባው ያለውን የቮልት መምረጫ፣ ከሌለውም የተለጠፈውን ቁጥር ሳያዩ መሰካት የለም። ዲያስፖራ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ያንብብ።

23ኛው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ አየር ራሱ አምፑን ያደክመዋል አለ። 24ኛው ሳቀበት፤ አምፕ የሚተነፍስ መስሎት ነው ብሎ ፎገረው። ፎገራው ያስቃል፤ 23ኛው ግን ልክ ነበር። 25ኛው ቁጥሩን አመጣለት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የዉፈሩ ኮን (የሚርገበገበው ፊቱ) እኩል ቢወዛወዝም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ድምፁ ወደ 2 ዲሲቤል ይቀንሳል። እዚህ 300 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ምጽዋ ላይ ከ200 ባነሰ ዋት ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ስስ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ አምፑ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይከተት። ብዙ የቻይና ፓወር ሰፕላዮች ላይ ከ2000 ሜትር በታች ለመጠቀም የሚል የተራራ ምልክት አለ። እኔም ይህን ሳነብ የላፕቶፔን ቻርጀር ገለበጥኩ፤ ተራራው አለ። 23ኛው በደስታ የቱቦው ቅኝትም (የሳጥኑ ቱቦ የሚያስተጋባው ድምፅ) አዲስ አበባ ላይ ይለወጣል ብሎ ሲጨምር 25ኛው አቆመው። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም፤ ቱቦው እንደተሰላ ይቀራል።

26ኛዋ የጻፈችው የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ የጻፈችውም በንዴት ነው። እስካሁን አንድም ሰው ልጁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖር ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከሥር ሕፃን ይኖራል፣ ከላይ የታመመ ሰው ይኖራል። የ40 ኸርዝ (በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ግድግዳ አያቆመውም። እሷ ቤት የጎረቤት ቤዝ ሲመታ ብርጭቆው ቡፌው ውስጥ ይንጫጫል። ይህን ሁሉ ከተናገረች በኋላ ዋት ላይ ስለሚጨቃጨቁ ትልልቅ ሰዎችም አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። ለንግግሯ እንከን አይወጣለትም።

27ኛው ከአሮጌ ጎማ እየቆረጠ ሳጥኑ ሥር እንዲያነጥፍ መከረ። 28ኛው ጎማው ከሳጥኑ በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ትንሽ እንደሚቀንስ፣ በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን እንደማይነካው አስተካከለ። ለዚያ ያለው መድኃኒት ቮሊዩሙን መቀነስ ብቻ ነው። 29ኛው ሌላ ማጽናኛ አመጣ። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅ ብሎ የሚደርሰው 41 ኸርዝ ነው፤ የቆዩትን ዘፈኖቻችንን የሚሰማ ሰው ከ40 በታች ለሚወርድ ድምፅ ዋት ማባከን አያስፈልገውም። ከዚያ በታች የሚወርደው የአሁኑ የኮምፒውተር ከበሮ ነው። ወዲያው የትኛው ዘመን ሙዚቃ ይሻላል የሚል ጭቅጭቅ ሊነሳ ነበር፤ ደግነቱ በሁለት መልስ ከሸፈ።

30ኛው ላይ ልጁ ተመልሶ መጣ። ክራውኑን ገዝቶታል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት አይቷል፣ ከዚያ የራሱን ዉፈር ተሸክሞ ዲጄው ዘንድ ወስዶ እዚያው አሰምቶታል። ኮይሎቹን አከታትሎ አስሯቸዋል፤ ቴስተሩ 7.1 አሳይቷል። አምፑ ሁለቱ ቻናሎች ተጣምረው በ8 ኦም 1050 ዋት ያወጣል፤ ያ የተመኘው ሺሕ እጁ ላይ ነው። ግን አላጣመራቸውም። አንዱን ቻናል ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ እሱ በ8 ኦም 300 ዋት ይሰጣል። ዉፈሩ 400 ይችላል። 17ኛውን አመሰገነ፤ 5ኛውንም ጭምር። ይህ ልጅ አስተዳደግ አለው።

31ኛው የአንጋፋው የመጨረሻ ምክር ነው። አምፑ ውስጥ ያለውን ክሮስኦቨር (ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ የሚለየውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን ለትንንሾቹ ስፒከሮች እንዲተው አዘዙት። ሳጥኑ ቱቦ ያለው ስለሆነ ከቱቦው ቅኝት በታች ያለውን ድምፅም የሚቆርጥ ፊልተር ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ኮኑን የሚይዘው አየር ስለሌለ ዝም ብሎ ይርገበገባል፣ ዋቱ ትንሽ ቢሆንም ይቀደዳል። ጌይኑን (የአምፑን የማጉያ ቁልፍ) ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ከፍ አድርጎ፣ ትንሽ መልሶ እዚያው ይተወው። ቁልፉን ሕፃን በማይደርስበት ያድርግ ብለውም ቀለዱ።

32ኛው ሥራ ፈቶ የቀረውን ሁለተኛ ቻናል አይቶ ሁለተኛ ዉፈር እንዲያስገባበት ጎተጎተው። ልጁም መርካቶ ያለውን ነጋዴ ጥንዱን እንዲፈልግለት ማዘዙን ነገረን።

33ኛው የ26ኛዋ ነው። ስንተኛ ብሎክ እንደሚኖር ጠየቀችው። እስካሁን አልመለሰላትም።